ሥዕሉ የእኔ፣ ኮዱ የእሱ፤ ሥራውስ የማን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አብሮ ስለመሥራት ናቸው። ከሰው ጋርም ከማሽን ጋርም። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እቆያለሁ። ለብዙ ዓመት ከፕሮግራመሮች ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሠራሁ ሠዓሊ ነኝና ነገሩ ቶሎ አይለቀኝም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በታብሌት የምሥል ሠዓሊ ነኝ። ከአንድ ፕሮግራመር ጓደኛዬ ጋር የግድግዳ ሥዕል እየሠራን ነው። ሰው ሲቀርበው ቅርንጫፎቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፅ ሲሰማ ቀለሙ ይቀየራል። እኔ ሁሉንም ሥዕል ጨርሼ ሰጠሁት። እሱ ግን ግማሹን ጣለው። ቅርንጫፎቹን ቀነሳቸው፣ የቀለሙን ሽግግር አጠፋው። ለምን ስለው «ኮምፒውተሩ አይችለውም» ይላል። እሱም በተራው ሐሳቤን በየቀኑ እንደምቀያይር ይናገራል። ጓደኝነታችን ራሱ እየሻከረ ነው። ምን ይመክሩኛል? ባለ ብሩሿ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ሁሉንም ሥዕል ጨርሼ ሰጠሁት» ትያለሽ። ጠቡ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ያለቀ ሥዕል የተሰጠው ፕሮግራመር ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፤ ወይ እንዳለ መቀበል፣ ወይ መቁረጥ። የራሱን ሐሳብ የሚጨምርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ቆረጠ።

እስቲ እሱ የሚያየውን ላሳይሽ። የሚንቀሳቀስ ምስል ለዓይን እንዲለሰልስ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ እንደ አዲስ ይሣላል። ለአንዱ ምስል የሚደርሰው ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚህች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ካሜራው ያየውን ያነባል፣ ሰውየው የት እንደቆመ ያሰላል፣ ድምፁን ይለካል፣ ከዚያ ሥዕልሽን ፒክስል በፒክስል ይሞላል። አንቺ በስሱ የሚያሳልፉ ሌየሮችን (የሥዕል ንብርብሮችን) ደራርበሽ ከሆነ፣ ያንኑ ፒክስል ለእያንዳንዱ ሌየር እንደገና ያሰላዋል። የቀለም ሽግግሩን ያጠፋው ሥዕልሽን ንቆ አይመስለኝም። ግን ይህን ቁጭ ብሎ አላስረዳሽም። «አይችለውም» ብሎ በሩን ዘጋው። ይህ የእሱ ጥፋት ነው። ይህን ዓምድ አብራችሁ እንድታነቡት የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ከእንግዲህ «አይችለውም» ሲልሽ «ምኑን ነው የማይችለው?» ብለሽ ጠይቂው። ፍጥነቱ ነው? ሜሞሪው ነው? ወይስ ኮዱን ለመጻፍ ጊዜ አጥሮት ነው? መፍትሔያቸው ይለያያል። ችግሩ ፍጥነት ከሆነ የማይንቀሳቀሱትን ሌየሮች አንድ ላይ አዋህደሽ ትሰጪዋለሽ። ሜሞሪ ከሆነ የምስሎቹን መጠን ታሳንሻለሽ። ጊዜ ካጠረው ደግሞ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቀር ራስሽ ትመርጫለሽ። ቅርንጫፍ መቀነሱ የግድ ቢሆን እንኳ፣ የትኛው ይቀነስ የሚለው የሠዓሊ ውሳኔ ነው። ያንን ለማንም አትስጪ።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል፣ ቢሊ ክሉቨር የሚባለውን መሐንዲስ አየር ላይ የሚንሳፈፍ አምፖል እንዲሠራለት ጠየቀው። ክሉቨር በአሜሪካ ቤል ላብራቶሪዎች የሚባለው የምርምር ተቋም ባልደረባ ነበር። እሱና ጓደኞቹ አሰሉት። ባትሪው ከባድ ስለነበር ነገሩ አልሆነም። እዚያው ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ክሉቨር ግን ስኮችፓክ የተባለ ቀላል፣ ብርማ፣ ጠርዙ በሙቀት የሚጣበቅ ፕላስቲክ አሳየው። ዋርሆል ዕቃውን ሲያየው አምፖሉን ተወው። በጋዝ የተሞሉ ብርማ ትራሶች ሠሩና በ1966 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሊዮ ካስቴሊ ጋለሪ ውስጥ ለቀቋቸው። ሰው በመካከላቸው ሲያልፍ እየገፋቸው ይንሳፈፉ ነበር። ሠዓሊው ይዞት የመጣው ሐሳብ አልሠራም። መሐንዲሱም ብቻውን ቢሆን ትራስ አይታየውም ነበር። ሥራው የተገኘው አንዱ «ይህ አይሆንም፣ ግን ይህን እየው» ስላለ ነው። ጓደኛሽ የጎደለው ይህች ሁለተኛዋ ግማሽ ናት።

ያው ክሉቨር በዚያው ዓመት በጥቅምት ከሠዓሊው ሮበርት ራውሸንበርግ ጋር ሆኖ 10 አርቲስቶችንና 30 የሚሆኑ መሐንዲሶችን አሰባሰበ። በኒው ዮርክ አንድ ሰፊ የጦር ማሠልጠኛ አዳራሽ ውስጥ ለዘጠኝ ምሽቶች አብረው የሠሩትን አሳዩ። እኔ የራውሸንበርግን ክፍል እወደዋለሁ። ሁለት ሰዎች ቴኒስ ይጫወታሉ። ራኬቶቹ ውስጥ ድምፅ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ተገጥሟል። ኳሷ በተመታች ቁጥር ድምፁ አዳራሹን ይሞላዋል፣ አንድ መብራትም ይጠፋል። ሁሉም ሲጠፋ ጨዋታው ያበቃል። ከዚያ ብዙ ሰዎች በጨለማው ውስጥ ይገባሉ፤ ተመልካቹ የሚያያቸው በጨለማ በሚያይ ኢንፍራሬድ ካሜራ ተቀርጸው በስክሪን ብቻ ነው። አሁን ማስተላለፊያውን ከራኬቱ አውጪው። የሚቀረው ተራ ቴኒስ ነው። መሣሪያውን ብቻ ብታስቀሪ ደግሞ የሬዲዮ ዕቃ ነው። የእናንተም ግድግዳ እንደዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ለዚያ ነው አንዱ ጨርሶ ለሌላው የሚያስረክበው ያልሆነው።

ምን ይደረግ? ትልቁን ግድግዳ ለጊዜው ተዉት። አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ያዙ። አንቺ ገና በረቂቅ ደረጃ ላይ እያለ፣ ቀለም ሳይነካው ስጪው። እሱ በዚያው ቀን ያንቀሳቅሰው። ኮዱ የተዝረከረከ ቢሆንም ግድ የለም። ከዚያ ጎን ለጎን ቁጭ ብላችሁ እዩት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ የምልሽ አለ፤ የጊዜው ነገር። ሰው ሲቀርብ ቅርንጫፉ ስንት ቆይቶ ይነሣል? ከ0.1 ሰከንድ በታች ከሆነ ሰው ወዲያውኑ የሆነ ይመስለዋል፤ ማብሪያ ማጥፊያ እንደነካ ነው የሚሰማው። ትንሽ ዘግይቶ፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ፣ መሃል ላይ ፈጠን ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ረጋ ካለ ግን ቅርንጫፉ ሰውየውን አይቶት ዞር ያለ ይመስላል። ይህ ኮዱ ውስጥ አንድ መስመር ላይ ያለ ቁጥር ነው። የሥዕልሽ ነፍስ ግን እዚያ ቁጥር ላይ ነው ያለችው። ፕሮግራመሩ በግምት ሞልቶ እንዲያልፈው አትፍቀጂ። ቁጥሩን አንቺው እየጎተትሽ የምትቀይሪበት ስላይደር እንዲሠራልሽ ጠይቂው። ለአንድ ፕሮግራመር ብዙ ሥራ አይደለም። እኔ ጋር እንዲህ ያለ ስላይደር በተሠራ ቁጥር «ትንሽ ፍጠን፣ አሁን ደግሞ ዘግይ» የሚባለው ጭቅጭቅ ቀርቶ ሥራ ተጀምሯል።

ማን ምን እንደሚወስንም ተነጋገሩ። መልክና ቀለም የአንቺ ይሁን። ፍጥነቱና ሳይቋረጥ መሥራቱ የእሱ። እንቅስቃሴው የሁለታችሁ። የወሰናችሁትን ከነምክንያቱ በአንድ የጋራ ፋይል ላይ በአጭሩ ጻፉት። «የቀለም ሽግግሩ ቀረ፤ ምክንያቱም ምስሉን አዘገየው» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አንቺም ይህን ያህል ባልተከፋሽ፣ እሱም ሌላ ዘዴ ባሰበ ነበር።

ስለ ሐሳብ መቀያየሩ ግን እሱም እውነት አለው። መቀየር የሠዓሊ ሥራ ነው፣ አትተዪው። ነገር ግን አንቺ በደቂቃ የምትቀይሪው ነገር ለእሱ የሁለት ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። ከመቀየርሽ በፊት «ይህ ምን ያህል ያስለፋሃል?» በይው። ከዚህ ቀን በኋላ ስሕተት ከማረም በቀር የሚቀየር ነገር የለም የምትሉበት ቀንም ቁረጡ። ሌየሮችሽንም ስም ስጪያቸው፤ እባክሽ። «ሌየር 47 ኮፒ» የሚባል ነገር ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም። «የግራ ቅርንጫፍ፣ ቅጠል» ብትዪው ግን ሳይጠይቅሽ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። እጄ ለሥዕል አይታዘዝም። ማታ ማታ ግን በኮድ ቅርጾችን እያመነጨሁ እውላለሁ፤ መስመር፣ አራት ማዕዘን፣ ክብ። ጓደኞቼ «ኮምፒውተሩ ነው የሠራው፣ አንተ ምን አደረግህ?» ይሉኛል። ይህ ሥነ ጥበብ ይባላል ወይ? የምሽቱ ኮደር

መልስ፦ ይባላል። ማስረጃዬ ደግሞ ቬራ ሞልናር ናት። በ1924 ቡዳፔስት ተወልዳ ፓሪስ የኖረች ሠዓሊ ነበረች። በ1959 ኮምፒውተር የሚባል ነገር አጠገቧ ሳይኖር «ምናባዊ ማሽን» ብላ የሰየመችውን አሠራር ጀመረች። ደንብ ታወጣለች፤ ከዚያ ደንቡን ራሷ በእጇ ደረጃ በደረጃ ትፈጽማለች። እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ የደረሰችው በ1968 ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ሥነ ጥበቡ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘኖችን በሥርዓት ደርድራ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ታዛባቸው ነበር። አንድ በመቶ መዛባት የሚል ስም የሰጠቻቸው ሥራዎች አሏት። ፍጹም የተደረደረ ነገር ዓይን ቶሎ ይጠግበዋል። ሙሉ በሙሉ የተበታተነም እንደዚያው። እሷ ዕድሜዋን በሙሉ የፈለገችው በሁለቱ መካከል ያለውን ነጥብ ነው። በ2023 መጨረሻ በ99 ዓመቷ ስታርፍም ገና እየሠራች ነበር።

አንተ የምታደርገው ምንድን ነው? ደንብ ትጽፋለህ፤ ማሽኑ ከዚያ ደንብ መቶ ምስል ያወጣል፤ አንተ ዘጠና ስምንቱን ትጥላለህ። ደንቡም መጣሉም የአንተ ነው። ግን ስትጥል ለምን እንደጣልክ ለራስህ ንገረው። «ደስ አላለኝም» አይበቃም። «ክብደቱ ሁሉ ወደ ግራ አጋደለ»፣ «መስመሮቹ ስለተጠጋጉ ቦታው ታፈነ» በል። ይህን ማለት ስትጀምር ደንቡን የት ቦታ ላይ ማስተካከል እንዳለብህ ራሱ ይነግርሃል። ኮድህ የዘፈቀደ ቁጥር የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ የመነሻ ቁጥሩን ከምስሉ ጋር አብረህ አስቀምጥ። ያ ቁጥር ከሌለህ የወደድከውን ምስል በትልቅ መጠን ልታወጣው ብትፈልግ ዳግመኛ አታገኘውም። እጅ ስላለመታዘዙም አትጨነቅ፤ ማየትን ግን ተማር። የምትወደውን አንድ ሥዕል መርጠህ መስመሮቹ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚያልቁ ቁጭ ብለህ ተመልከት።

ጥያቄ፦ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ሲታተም ደብዛዛ ሆኖ ወጣብኝ። የማተሚያው ጥፋት ነው? ፖስተር ሠሪ

መልስ፦ አይመስለኝም። ስክሪን ቀለምን የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይደምራል። ማተሚያ ደግሞ በወረቀት ላይ ቀለም ቀብቶ ብርሃን ይቀንሳል፤ ውኃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ደማቅ አረንጓዴና የሚያበራ ሰማያዊ በተለመዱት አራት የማተሚያ ቀለሞች አይገኙም። ፋይልህን ገና ስትጀምር በሲኤምዋይኬ (በእነዚህ አራት የማተሚያ ቀለሞች) እንዴት እንደሚታይ እያየህ ሥራ፤ አብዛኞቹ የዲዛይን ፕሮግራሞች ያሳዩሃል። ማተሚያ ቤቱን የሚጠቀሙበትን የቀለም ፕሮፋይል ጠይቃቸው፤ አንድ የሙከራ ኮፒም አስወጣ። ለኤ4 መጠን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልግሃል። ዋናውን ፋይል በጄፔግ አታስቀምጥ። ከፍተህ አስተካክለህ መልሰህ ባስቀመጥከው ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። አንድ ደንበኛ በኤአይ የተሠራ ምስል ልኮልኝ «ይህን ብቻ አስተካክይልኝ» አለኝ። ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀነሰው። እጄ ላይ ያለው ሙያ ዋጋ አጣ ማለት ነው? ልቀበል ወይስ ልተው? ግራ የገባት

መልስ፦ የተሰማሽ ነገር ገብቶኛል፤ ቀላልም አይደለም። መጀመሪያ መሣሪያውን እንየው። ሠዓሊ ከፕሮግራም ጋር አብሮ መሥራቱ አዲስ አይደለም። ሃሮልድ ኮኸን በ1966 በቬኒስ ቢየናሌ ብሪታንያን የወከለ ሠዓሊ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሮን የተባለ የሚሥል ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ፤ በ2016 እስኪሞት ድረስም ሲያሻሽለው ኖረ። ለረጅም ጊዜ ማሽኑ መስመሩን ይሥል ነበር፤ ቀለሙን የሚቀባው እሱ ራሱ ነው። እያንዳንዱን ደንብ የጻፈው እሱ ስለሆነ አሮን ለምን እንዲያ እንደሣለ ያውቅ ነበር።

የዛሬዎቹ ሞዴሎች የተሠሩት በሌላ መንገድ ነው። በ2022 የወጣው፣ ከጽሑፍ ተነሥቶ ምስል የሚሠራው ስቴብል ዲፊውዥን ለምሳሌ ላዮን ከሚባል የምስልና የጽሑፍ ስብስብ በተወሰዱ ምስሎች ሠልጥኗል። ትልቁ የላዮን ስብስብ 5.85 ቢሊዮን ጥንዶችን የያዘ ሲሆን የተለቀመው ከኢንተርኔት ነው። ሥዕላቸው እዚያ ውስጥ የገባ ሠዓሊዎች አስቀድመው አልተጠየቁም። እኔ ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም። ሰው አብሮ ሠራ የሚባለው እሺ ብሎ ሲገባ ነው።

አሁን ወደ ደንበኛሽ። ምስሉን እንደ መልእክት ተቀበዪው። ሰውየው በቃል መግለጽ ያቃተውን ነገር ይዞልሽ መጥቷል። «ከዚህ ውስጥ የወደዱት የትኛውን ነው? ብርሃኑን? የሰውየውን አቋቋም? ባዶውን ቦታ?» ብለሽ ጠይቂው። ብዙውን ጊዜ የወደደው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ሌላው ማሽኑ ራሱ የጨመረው ነው። ያንን አንድ ነገር ይዘሽ የራስሽን ሥሪ። ዋጋሽንም በዚያ ልክ ንገሪው። ማሽኑ በምስሉ ላይ ያዛባውን ጣትና ፊደል ስታርሚ ከዋልሽ ድካሙ ከአዲስ ሥራ አያንስም፤ ደስታው ግን የለም። ካልተስማማ ብትተዪው አልፈርድብሽም።

ስለ መብቱም ንገሪው። የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2025 ማሽን ብቻውን የሠራው ሥራ የቅጂ መብት እንደማያገኝ ወስኗል፤ ደራሲው ሰው መሆን አለበት። የአገሩ ሕግ ቢለያይም፣ ለድርጅቱ መለያ የሚሆን ምስል የሚፈልግ ሰው ይህን ሳያውቅ መክፈል የለበትም። ሌላው ድርጅት ወስዶ ቢጠቀምበት መከልከል ሊያቅተው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሆነን የሠራነውን አጭር አኒሜሽን ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት በነፃ ልንለቀው አስበናል። ሥዕሉ የእሷ፣ ኮዱ የእኔ ነው። እንዴት እናድርግ? ሁለታችን

መልስ፦ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ዛሬ በነፃ እጃችን የገባው በ2002 ተጠቃሚዎቹ 100,000 ዩሮ አዋጥተው ኮዱን ነፃ ስላወጡት ነው። በ2025 በኦስካር የምርጥ ረጅም አኒሜሽን ሽልማትን ያገኘው የላትቪያ ፊልም የተሠራው በዚሁ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ በነፃ የተለቀቀ ነገር የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

በ1886ቱ የበርን የቅጂ መብት ስምምነት አባል አገሮች ሥራችሁ ገና ሲፈጠር፣ ሳታስመዘግቡት የተጠበቀ ነው። ሌላው ሰው እንዲጠቀምበት ፈቃዱን በግልጽ መጻፍ አለባችሁ። ለሥዕሉ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች አሉ። አንዱ ስማችሁን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ለምንም ይጠቀም ይላል። ሌላው ለንግድ ይከለክላል። ሌላው ደግሞ ከእናንተ ሥራ የተነሣ አዲስ ሥራም በዚያው ፈቃድ ይለቀቅ ይላል። አንዴ የሰጣችሁትን ፈቃድ መልሳችሁ ከሰው እጅ መንጠቅ አትችሉም። ስለዚህ እሷ ራሷ አንብባ እሺ ሳትል አትልቀቀው። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ድርጅቱ ራሱ እነዚህን ፈቃዶች ለኮድ አይመክራቸውም። ለኮድህ እንደ ኤምአይቲ ወይም ጂፒኤል ያለ የሶፍትዌር ፈቃድ ምረጥ። ኤምአይቲ ተጠቃሚውን ብዙ አያስገድደውም። ጂፒኤል ግን ያሻሻለውን የሚያሰራጭ ሰው ኮዱን አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

የባለቤቶቹን ስም ስትጽፉ ሁለት ስም ደርድራችሁ አትተዉት። ሥዕል የማን፣ ኮድ የማን፣ እንቅስቃሴው የማን እንደሆነ ጻፉ። የሁለታችሁ የሆነውን «የጋራ» በሉት። ይህን ከፊልሙ መጨረሻ ላይ አስገቡት፤ ከፈቃዶቹ ጋር ደግሞ በጽሑፍ ፋይል አድርጋችሁ ከኮዱና ከሥዕሎቹ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡት።